ገህዋው የሚመረው ምጣዱ ላይ ነው

ጥያቄው ከሪያድ ነው፤ አሳጥሬ ላስቀምጠው። «ዓረብ ቤት ከገባሁ ሁለት ወሬ ነው። ገህዋ የሚሉትን ቡናቸውን እናቴ እንዳስተማረችኝ ቆልቼ፣ ወቅጬ፣ ሄል ጨምሬ አፈላለሁ። ማዳም ቀመሰችና ‹ይሄ የተቃጠለ ነው› አለችኝ። በማግስቱ ቡናውን ቀንሼ ቀጠን አደረግኩት። ‹ይሄ ደግሞ ውሃ ነው› አለች። ካራክ የሚሉት የወተት ሻይም ዝንጅብል ሳደርግበት ወተቱ ይቆራረጥብኛል። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ መቅዳት መቼ እንደማቆም ግራ ገብቶኛል። ምን ላድርግ?»

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሳነብ ሳቄ መጣ። በአንቺ አይደለም፣ በራሴ ነው። እኔም ሪያድ በገባሁ በሳምንቱ «ኢትዮጵያዊት ናት፣ ቡና ታውቃለች» ተብዬ ምጣድ ተሰጠኝ። ደስ አለኝ። ያለኝን ሞያ ሁሉ አወጣሁ። ወዙ ወጥቶ ጥቁር እስኪያብረቀርቅ ድረስ ቆላሁት። ከዚያ እንደ አገሬ ላስሸትታቸው ብዬ የሚጨሰውን ምጣድ ይዤ ሳሎን ገባሁ። የቤቱ አሮጊት ሻሿን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ መስኮት አስከፈተች። ልጆቹ ወጥ ያረረ መስሏቸው ወደ ኩሽና ሮጡ።

ዘጠኝ ዓመት ኖርኩ እዚያ። መጀመሪያ ቤት ውስጥ፣ በኋላ በሴቶች የሰርግ አዳራሽ ቡና ቀጂ ሆኜ። ገህወጂያ ይሉናል። አሁን አዲስ አበባ ትንሽ የቡና መቁያ ቤት አለኝ፤ ከምቆላው ውስጥ ለገህዋ የሚሆነውም አለበት። እና ችግርሽን በደንብ አውቀዋለሁ።

አፈላልሽ አይደለም ችግሩ። አቆላልሽ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ቡናውን ምጣድ ላይ ጨርሰን ነው ወደ ጀበና የምናስገባው። እነሱ ምጣድ ላይ ይጀምሩትና ደላው፣ ማለትም የቡና ማፍያቸው ውስጥ ይጨርሱታል። በደንብ የተቆላ ቡና ውሃ ሲነካው ቶሎ ይለቃል። ነጣ ተደርጎ የተቆላ ቡና ግን ጠንካራ ነው፤ ያለውን ቶሎ አይሰጥም። ለዚህ ነው ገህዋ እሳት ላይ አሥርና አሥራ አምስት ደቂቃ የሚቆየው። አንቺ ታዲያ ምን አደረግሽ? የእኛን ጥቁር ቡና ወስደሽ በእነሱ ሰዓት አፈላሽው። አሥራ አምስት ደቂቃ የተንተከተከ ጥቁር ቡና ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም። በማግስቱ ዱቄቱን ስትቀንሺ ደግሞ ቡናው ሄደና ምሬቱ ቀረ። ሴትዮዋ ሁለቱንም ቀን ልክ ነበረች።

አቆላሉን ልንገርሽ። ወፈር ያለ ብረት ምጣድ ይሁን፣ እሳቱ መካከለኛ። እጅሽ አይረፍ። መጀመሪያ አረንጓዴው እየለቀቀ ገለባ ይመስላል፤ ሽታው የረጠበ ሣር ነው። ቀጥሎ ወደ ቢጫ ይሄድና ገብስ ቆሎ ገብስ ቆሎ ይላል። እዚህ ላይ ጆሮሽን ስጪው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አንዱ ፍሬ ይፈነዳል፤ ጠሽ። ከዚያ ሌላው። እኛ ይህን ድምፅ ስንሰማ «ገና ነው» እንላለን። ለገህዋ ግን ማውረጃው ሰዓት ይኸው ነው። የነጅድ ሰዎች፣ ማለትም የሪያድና የቀሲም፣ ጭራሽ ሳይፈነዳ የሚያወርዱትም አሉ። አውርደሽ ወዲያው ሰፌድ ላይ ዘርጊው፤ ካለሽ ማራገቢያ ተጠቀሚ። የጋለ ምጣድ ላይ ከተውሽው እሳቱን ብታጠፊም ራሱን እየቆላ ይቀጥላል። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው።

መለኪያ ከፈለግሽ ከቀዘቀዘ በኋላ አንድ ፍሬ ነክሰሽ ቅመሺ። ጥሬ አተር አተር ካለሽ ገና ነው። ቆሎ ቆሎ ብሎ ትንሽ ኮምጠጥ ካለ ደርሷል። ምላስሽ ላይ ምሬት ከቀረ አልፏል። ወዝ ካየሽበት ደግሞ እሱን ለራስሽ አፍይው፤ ለነሱ አይሆንም። በተረፈ ቆልተሽ በዚያው ሰዓት አታፍይው። አንድ ሌሊት ይደር።

ከመቀየሩ በፊት ግን አንድ ነገር አድርጊ። ቤቱ ውስጥ ቀድሞ ይጠጣ የነበረ ቡና ተርፎ ከሆነ ቆርቆሮውን ክፈቺና ቀለሙን እዪ። ይህን የምልሽ «የዓረብ ቡና» የሚባል አንድ ነገር ስለሌለ ነው። ነጅድ ነጭ ለማለት ትንሽ የቀረው ቢጫ ይወዳል። ወደ ሰሜን፣ ወደ ሐኢልና ጆፍ ስትወጪ ይጠቁራል። ኤምሬቶች ብዙ ቦታ ቡናማ ነው። ዮርዳኖስና ሶርያ ከሄድሽ «ሳዳ» የሚሉት ጥቁርና መራራ ይመጣል፤ እሱ እንዲያውም ለአንቺ እጅ ይመች ነበር። ማዳምሽ ሪያድ ተቀምጣ የሐኢል ልጅ ልትሆን ትችላለች። ጠይቂያት። «እናትሽ ቤት እንዴት ነበር የሚፈላው?» በያት። በጥያቄው ደስ የማይላት ሴት አላጋጠመችኝም።

ስለ ፍሬው ብዙ አትጨነቂ። ሱቅ ስትሄጂ ባለሱቁ «ሀረሪ ወይስ ሉቅማቲ?» ይልሻል። ሀረሪው የሐረር ነው። ሉቅማቲው ደግሞ ነቀምት ነው፤ በድሮ ስሟ ለቀምት ስለምትባል አፋቸው ላይ እንዲያ ሆኖ ቀረ። እኔ መጀመሪያ ስሰማ የህንድ ቡና መስሎኝ ነበር። የወለጋ ቡና ሪያድ ገበያ ላይ በሌላ ስም ተቀምጦ አላወቅሁትም። ሌላው ኸውላኒ ነው። የየመንና በሳዑዲ ደቡብ የጂዛን ተራሮች ቡና ሲሆን ዋጋው አይቀመስም። ለዕለት ለዕለት ሀረሪ ይበቃል። ከሽያጭ ቤቱ የተቆላ ከገዛሽ «ሻቅራ» በይ፤ ነጣ ያለውን ይሰጥሻል።

ቀጥሎ መፍጨቱ። የእኛ ዱቄት ይልማል። ለገህዋ ቅንጬ እስኪመስል ብቻ ነው የሚሰበረው። ከላመ ይደፈርስብሻል፣ አይጠልልም። ነጣ ያለው ቡና ድንጋይ ስለሆነ ሙቀጫ ላይ ያደክማል፤ የኤሌክትሪኩን በአጭር በአጭሩ እየነካሽ አቁሚው። ድሮ በናስ ሙቀጫ ነበር የሚወቅጡት፣ ንጅር ይሉታል። ሆን ብለው እንዲደወል አድርገው ይመቱታል፤ ድምፁን የሰማ ጎረቤት ቡና እንዳለ አውቆ ይመጣል። እናቴም ዘነዘናዋን ስታሰማ ጎረቤቶቻችን ነጠላቸውን እያስተካከሉ ይገቡ ነበር። ይህን ለዚያች አሮጊት ስነግራት ገርሟት እጄን ያዘች። መስኮት ያስከፈተችዋ ናት።

አፈላሉ ቀላል ነው። አንድ ሊትር ውሃ አፍይ። 40 ግራም ቡና፣ ማለትም ሞላ ሞላ ያሉ አምስት የሾርባ ማንኪያ ጨምሪ። ሲነሳ ይገነፍላል፤ ዓይንሽን አትንቀይ። እሳቱን ቀንሺና ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ቀስ ብሎ ይንተክተክ። ከዚያ አውጥተሽ አምስት ደቂቃ ይዝቀጥ። ሄሉን መጨረሻ ላይ፣ ልታወርጂ ሁለት ደቂቃ ሲቀር ጨምሪ። አንቺ ከመጀመሪያው አብረሽ እየጨመርሽ ይመስለኛል። የሄል መዓዛ የሚተን ዘይት ነው። አሥራ አምስት ደቂቃ ካፈላሽው ኩሽናው ይሸታል እንጂ ስኒው ውስጥ ምንም አይቀርም።

የሄሉ መጠን ያስደነግጥሻል። ለአንድ ሊትር ሁለት የሾርባ ማንኪያ ወቀጥ ያለ ሄል! እኛ ሻይ ውስጥ አንዲት ፍሬ ጥለን «ቅመም በዛ» የምንል ሰዎች ነን። እዚያ ግን ሄል ጣዕም ማሳመሪያ አይደለም፤ የመጠጡ እኩሌታ ነው። ሰርግ ላይ ከቡናው የሚበልጥ ሄል ያስገባሁበት ቀን አለ፤ ባለድግሷ ለእንግዶቿ ክብር እንደዚያ እንዲሆን ስላዘዘች። አረንጓዴውን፣ ወፍራሙን ግዢ፤ የነጣውና የቀለለው ሽታው ሄዷል። በዓለም ላይ ብዙውን ሄል የምታመርተው ጓቴማላ ናት፤ ከህንድ የሚመጣውም አለ። የተፈጨ አትግዢ። በየጊዜው ራስሽ ውቀጪ።

ከአገር ኮረሪማ ይዘሽ ሄደሽ ከሆነ ደብቂው። ሄልና ኮረሪማ የአክስት ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም ከዝንጅብል ቤተሰብ ናቸው። ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። ኮረሪማ ሲደርቅ ጭስ ጭስ የሚል ነገር አለው። ለቅቤና ለበርበሬ ወደር የለውም። ነጭ ገህዋ ውስጥ ከገባ ግን ሁሉንም ይጫነዋል። ሞክሬዋለሁ፤ ሁለተኛ አልሞክርም።

ዛፍራን ለክብር እንግዳ ነው። ጣትሽ ጫፍ ላይ የምትያዝ ያህል ወስደሽ፣ ፈልቶ ያለቀውን ቡና የምትገለብጪበት ቴርሞስ ውስጥ ከታች አድርጊ። ቡናው ሲወርድበት ቀለሙንም ሽታውንም ይለቃል። እሳት ላይ አብሮ አይፈላም፤ ገንዘብ ማቃጠል ነው። ቅርንፉድ የሚጨምሩ ቤቶች አሉ፤ ለአንድ ሊትር ሦስት አራት ራስ ይበቃል። ማወርድ፣ ማለትም የጽጌረዳ ውሃ የሚጨምሩም አሉ። ስኳር ግን በጭራሽ! ጣፋጩ ቴምሩ ነው። ሱካሪ ወይም ኸላስ ቴምር ቀድሞ ይቀርባል፤ እሱን ነክሰው ቡናውን ይጎነጫሉ። ለዚህ ነው ገህዋ ብቻውን ሲቀመስ ለእኛ ባዶ ባዶ የሚለን። ከቴምር ጋር አንዴ ሞክሪውና ንገሪኝ። እኔ አሁን ሱካሪ ሳይኖር ገህዋ ማፍላት ትቻለሁ።

ደግሞ ቀለሙ ነጭ ነው ብለሽ ማታ ማታ አትጎንጪው። ካፌይን በመቆላት ብዙም አይጠፋም። ሁለተኛ ወሬ ላይ «ይሄማ ሻይ ነው» ብዬ የተረፈውን ስጠጣ አመሸሁ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ጣሪያ እያየሁ ነበር። ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት መነሳት ነበረብኝ።

ወደ መቅዳቱ። ይህ ላይ ብዙ እቆያለሁ፤ ምክንያቱም ልጆቻችን ብዙ የሚወቀሱት እዚህ ነው።

ስኒውን ፊንጃን ወይም ፊንጃል ይሉታል። ወሎና ሐረር ያደገ ሰው ይህ ስም አይከብደውም፤ ፍንጃል የእኛም ቃል ነው። እጀታ የለውም። ደላው በግራ እጅሽ፣ ፍንጃሎቹ በቀኝ። ቆመሽ ነው የምትቀጂው። ከክብር እንግዳዋ ወይም ከትልቋ ትጀምሪያለሽ፤ ከዚያ ወደ ቀኝ ትዞሪያለሽ። በቀኝ እጅሽ ትሰጫታለሽ፣ በቀኝ እጇ ትቀበልሻለች።

አሁን ዋናው። አትሙዪው። ከሲሶ አይለፍ። እኔ ይህን ለመልመድ ወራት ፈጅቶብኛል። እኛ ስኒው እስከ አፉ ካልሞላ ሰው የሰሰትን ይመስለናል፤ ማቶቱ ላይ የፈሰሰው እንኳ የበረከት ምልክት ነው። እዚያ የሞላ ፍንጃል «ጠጪና ሂጂ» ማለት ነው። ጥቂት ከቀዳሽ ግን ትመለሻለሽ። ደግመሽ ትቀጃለሽ። ቡናው ሁሌ ትኩስ ይሆናል፣ ጣቷን አያቃጥላትም፣ አንቺም አጠገቧ ነሽ። ለካ ልግስናው ስኒው ላይ አልነበረም፤ ምልልሱ ላይ ነው።

መቼ ታቆሚያለሽ? ፍንጃሉን ስትመልስልሽ ግራና ቀኝ ትንሽ ወዝወዝ ታደርገዋለች። በቃኝ ማለቷ ነው። ሳትወዘውዝ ከዘረጋችው ጨምሪላት። በአፍ ምንም አይባልም። ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር። በመጀመሪያው ዒድ አንዲት አሮጊት ፍንጃሏን ወዘወዘች፤ እኔ ቡናውን እያቀዘቀዘች መሰለኝ። ቀዳሁላት። ጠጣችው። ደግማ ወዘወዘች። ቀዳሁላት። ስድስት ደርሳለች መሰለኝ፤ በመጨረሻ ፍንጃሉን በመዳፏ ከድና ቀና ብላ አየችኝና ሳቀች። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ያ ሳቅ ትምህርት ሆነኝ። ብዙ ጊዜ ከሦስት በላይ አይጠጡም።

የሦስቱ ነገር እኛም ጋ አለ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። በረካ እኮ ዓረብኛ ነው። ልዩነቱ የእኛ ሁለተኛና ሦስተኛው በዚያው አተላ ላይ ውሃ እየተጨመረ መፍላቱ ነው። የእነሱ ሦስቱም ከአንድ ደላ፣ እኩል ጥንካሬ ያላቸው ናቸው። በድሮ የበደዊን፣ ማለትም የበረሃ ዘላን ዓረቦች ልማድ ለፍንጃሎቹ ስም ነበራቸው። ሃይፍ ባለቤቱ ራሱ ቀድሞ የሚጠጣው ነው፣ ቡናው መርዝ እንደሌለበት ለማሳየት። ደይፍ የእንግዳ ነው። ከይፍ የደስታ። ሰይፍ ደግሞ የጎራዴ፤ የጠጣው ሰው ከባለቤቱ ጎን ሆኖ ሊዋጋ ቃል ገባ ማለት ነው። እንግዳ ፍንጃሉን ሳይነካ መሬት ካስቀመጠውም ጉዳይ አለው። ባለቤቱ «ጉዳይህ ተፈጽሟል፣ ጠጣ» እስኪለው አያነሳውም። አንቺ ጋ እንዲህ ያለ ነገር ከመጣ ዝም ብለሽ ወደ ኩሽና ተመለሺ። የእኛ ጉዳይ አይደለም።

ደላው ራሱ ዛሬ በብዛት ቴርሞስ ሆኗል። የናሱን መደርደሪያ ላይ ታይዋለሽ፤ አፉ እንደ ወፍ ምንቃር የተቆለመመው። ድሮ አተላው አብሮ እንዳይወርድ አፉ ውስጥ የቴምር ዛፍ ጭረት ይወትፉበት ነበር፤ ልክ የእኛ ሰዎች የጀበና አፍ ላይ እንደሚወትፉት። የኤምሬቶቹ የአንድ ድርሃም ሳንቲም ላይም ያለው ይኸው ደላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ኤምሬቶች፣ ሳዑዲ፣ ኦማንና ቀጠር አብረው ገህዋን በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር ላይ አስመዝግበዋል። ሳዑዲ ደግሞ 2022ን «የሳዑዲ ቡና ዓመት» ብላ ሰይማ፣ ምግብ ቤቶች «የዓረብ ቡና» ከማለት «የሳዑዲ ቡና» እንዲሉ አደረገች። ማዳምሽ «ቡና የኛ ነው» ካለችሽ አትከራከሪያት። ፍሬውን የሚያውቅ አገሩን ያውቃል፤ በመጠጥነት ቀደም ብለው የምናውቃቸው ደግሞ ለሌሊት ጸሎት እንዲነቁ የሚጠጡት የ15ኛው ክፍለ ዘመን የየመን ሱፊዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1511 መካ ላይ ኻይር ቤይ የሚባል ሹም ቡናን ከልክሎም ነበር። እንግዲህ ቡና የተከለከለባት መካ ዛሬ ስንት ቴርሞስ ይዞርባታል!

ቴርሞሱን በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥሽ። የቡናው ለቡና፣ የሻዩ ለሻይ። አንድ ቀን ሻይ የገባበት ቴርሞስ ሳምንት ሙሉ ገህዋሽን ሻይ ሻይ ያሰኘዋል። ሽታ ከያዘ ፈላ ያለ ውሃና ቤኪንግ ሶዳ አድርገሽ አሳድሪው። ሳሙና አፉ ላይ እንዳይቀር ደጋግመሽ አለቅልቂ።

አሁን ሻዩ። ካራክ የሚለው ቃል ከህንድና ፓኪስታን ሰዎች የመጣ ነው፤ «ከደክ» ማለት ጠንካራ ማለት ነው። ሠራተኛ ሆነው ገልፍ የገቡት ሰዎች ይዘውት መጡ። ከዚያ የመንገድ ዳር ካፍቴሪያዎች ገቡበት። ዱባይና ሻርጃ ሰው መኪናውን አቁሞ ክላክስ ያደርጋል፤ ልጁ የወረቀት ኩባያ ይዞ እስከ መስኮቱ ይመጣል። የሠራተኛ መጠጥ የነበረው አሁን የሀብታሙም ሆኗል።

ወተቱ የሚቆራረጥብሽ በዝንጅብሉ ነው። ጥሬ ዝንጅብል የወተትን ፕሮቲን የሚበጣጥስ ኤንዛይም አለው። ወተት ውስጥ ጥሬውን ከጣልሽው አይብ አይብ ይላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ዝንጅብሉን መጀመሪያ በውሃ አምስት ደቂቃ አፍይው። ሙቀቱ ያንን ነገር ይገድለዋል። ከዚያ በኋላ ወተቱ ቢገባ ምንም አይሆንም። ወተቱ ራሱ አሮጌ እንዳይሆን ግን ተጠንቀቂ።

ለአራት ሰው ይህን አድርጊ። ግማሽ ሊትር ውሃ ውስጥ ጣት የምታህል የተወቀጠች ዝንጅብልና አምስት የተሰነጠቀ ሄል ጥለሽ አፍይ። ሞላ ያሉ ሦስት የሻይ ማንኪያ ደቃቅ ሻይ ቅጠል ጨምሪ። ትልልቅ ቅጠሉ አይሆንም፤ ወተቱን የሚችል ጉልበት የለውም። ሦስት አራት ደቂቃ እንዲጠቁር ተዪው። ብቻውን ብትቀምሺው አፍሽን ይይዛል፤ እንደዚያ መሆን አለበት፣ ወተቱ ሲገባ ያለሰልሰዋል። ስኳሩን ጨምሪ። ከዚያ አንድ ትንሽ ጣሳ የተነነ ወተት። እዚያ ሬንቦ የሚሉት ነው፤ ጣፋጩን የኮንደንስ ወተት እንዳይሆን እዪ። ሦስት ጊዜ እስኪገነፍል ድረስ አንሺው፣ ሦስት ጊዜ አውርጂው። በጭልፋ ከፍ አድርገሽ መልሰሽ አፍስሽው። ቀለሙ የሸክላ ጡብ ሲመስል ደርሷል። ነጣ ካለ ሻዩ አንሷል ማለት ነው፤ ወተቱን መቀነስ ሳይሆን በሚቀጥለው ጊዜ ቅጠሉን ጨምሪ።

በዚያው ቤት «ሻሂ ዐደኒ» የሚሉትም ይኖራል። የዐደን ሻይ ነው። ካራክን ይመስላል፤ ቅርንፉድና ቀረፋ ግን ይገባበታል። ይህኛው ለእኛ አፍ ይቀርባል። ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ሄል፤ የሻይ ቅመማችን እኮ ነው፣ ወተት ተጨምሮበት። ቅርንፉዱን ግን እንደ አገር ቤት አትበትኚው። ጥርስ ሲያመን የምንነክሰው እሱ አይደል? ምላስ ያደነዝዛል። ለአራት ሰው ሁለት ራስ በቂ ነው።

ተራውን ቀይ ሻይ በናዕናዕ ታውቂዋለሽ፤ እሱን አልነግርሽም። ቅደም ተከተሉን ብቻ ያዢ። ገህዋና ቴምር ይቀድማል፣ ሻይ ይከተላል። ገና እንግዳዋ እንደገባች ሻይ ይዘሽ ከቀረብሽ ቡና የለም ያልሽ ይመስላል።

እንግዲህ ነገ ጠዋት ቤቱ ሳይነሳ ትንሽ፣ አንድ እፍኝ ብቻ ቆልተሽ ሞክሪ። በሦስት ቀለም ቁይው፤ ገና ሳይፈነዳ፣ መፈንዳት ሲጀምር፣ ከጀመረ ከአንድ ደቂቃ በኋላ። ሌሊቱን ይደሩና በማግስቱ ሦስቱንም ለየብቻ ትንሽ ትንሽ አፍልተሽ ለማዳም አቅርቢላት፣ ትምረጥ። የመረጠችውን ፍሬ ጥቂት በፌስታል ቋጥረሽ ኩሽና ግድግዳ ላይ ለጥፊ፤ ከዚያ በኋላ በቀለሙ ብቻ ትሄጃለሽ። አሁንም መረረ ካለችሽ ፍሬውን ነጭ ወረቀት ላይ አድርገሽ በቀን ብርሃን ፎቶ አንሺና ላኪልኝ። የዱቄቱን አይደለም፣ ዱቄት ይዋሻል። የፍሬውን።